ከካንሰር ሕክምና በኋላ የታይሮይድ ዕጢ ክትትል

ታይሮይድ በአንገት የፊት ክፍል፣ ከማንቁርት በታች የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እንቅርት ሆኖ ሲያብጥ ነው፤ ከካንሰር በዳነ ሰው ላይ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳያብጥም ሳያምም ይመጣል። ለሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ወይም ለጉሮሮ ካንሰር አንገት ላይ ጨረር ሲሰጥ ዕጢው በጨረሩ መንገድ ላይ ስለሚውል፣ ሆርሞን የማመንጨት አቅሙ ቀስ በቀስ ይዳከማል። ችግሩ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ ቢሆንም ከ20 ዓመት በኋላም ሊከሰት ይችላል።

ምልክቶቹ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና የክብደት መጨመር ናቸው። በቀላል የደም ምርመራ የሚታወቅን ችግር «ያ ሕክምና ጉልበቴን ወስዶት ነው» እያሉ ለዓመታት ተሸክሞ መኖር በእጅጉ ያሳዝናል።

አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎች በየዓመቱ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚቀሰቅስ ሆርሞን) እና ነፃ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) የተባሉትን የደም ምርመራዎች እንዲያደርጉ ይመከራል። ታይሮይድ ሲደክም፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ እሱን ለመቀስቀስ ቲኤስኤች አብዝታ ትልካለች። ጨረሩ ጭንቅላት ላይ ከነበረ ግን ፒቱታሪዋ ራሷ ልትጎዳ ስለምትችል፣ ቲኤስኤች ጤናማ መስሎ ሳለ ቲ4 ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

የደም ምርመራው በታይሮይድ ላይ እብጠት መኖር አለመኖሩን አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሙ ጣቶቹን አንገት ላይ አሳርፎ ታካሚው ምራቁን እንዲውጥ ይጠይቃል፤ ዕጢው ከመዋጡ ጋር ከፍ ሲል የተቋጠረ ነገር ካለ በጣት ይነካል። ከተገኘ አልትራሳውንድ፣ እንደ ሁኔታውም በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ይከተላል። በተለይ በልጅነታቸው ጨረር ያገኛቸው ሰዎች በታይሮይድ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በኋላ በሕፃናት ላይ በግልጽ የታየውም ይኸው ነው።

የሆርሞን ማነስ ሲረጋገጥ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የተባለ መድኃኒት በየቀኑ በባዶ ሆድ በውሃ ይወሰዳል። የጠዋት ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ይኖርበታል፤ የብረትና የካልሲየም ክኒኖች ደግሞ በ4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። መጠኑ ሲቀየር ደሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንደገና ይመረመራል። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ስለምትፈልግ እርግዝናዋን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር አለባት።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ብዙ ታካሚ ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ሩቅ ቀዬው ይመለሳል። ከዓመታት በኋላ በጤና ጣቢያው የሚያገኘው ባለሙያ አንገቱ ጨረር እንደወሰደ የሚያውቀው ጨረሩ የት የሰውነት ክፍል ላይ፣ በየትኛው ዓመትና በስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንደተሰጠ የሚገልጽ ወረቀት በታካሚው እጅ ካለ ነው።