የሐምሌ 10 ወሬ፦ የሆነውና ያልሆነው

“ዩክሬኖች ድልድዩን ስለመቱባቸው ነው ሩሲያዎች እህሉን የዘጉት።” ኮዬ ፈጬ ላይ የዩክሬን ጦርነት ከተነሳ ይቺ አባባል አትቀርም። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳ ታክሲ ውስጥም ትሰማለች፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይም ትሰማለች። ቀኑ ዜና የበዛበት ስለነበር ሰው ቢደናገር አይገርምም። ግን በአንድ ቀን የተሰማ ሁሉ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላል፣ ወሬውም እዚያው ላይ ይበላሻል።

ቀኑን ላስታውሳችሁ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ነው፣ በፈረንጆች ጁላይ 17 ቀን 2023። ገና ሳይነጋ ሩሲያን ከክሬሚያ ጋር የሚያገናኘው የከርች ድልድይ ተመታ። በዚያው ዕለት ሞስኮ ከጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት መውጣቷን አስታወቀች። ሌሊቱን ደግሞ የዩክሬን የወደብ ከተማ ኦዴሳ በሚሳይልና በድሮን ተደበደበች። ስምምነቱ በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አደራዳሪነት ኢስታንቡል ላይ ሐምሌ 15 ቀን 2014 የተፈረመው ነው፤ ከሦስት የዩክሬን ወደቦች እህል በሰላም እንዲወጣ የሚፈቅድ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያዋ አባባል እንመለስ። ስምምነቱ የጊዜ ገደብ ነበረው። ግንቦት ላይ ለሁለት ወር ብቻ ተራዝሞ ነበር፣ ሁለቱ ወር ያለቀውም በዚያው ቀን ነው። ሞስኮ ለወራት “የግብርና ባንኬን ወደ ስዊፍት (የዓለም ባንኮች የክፍያ መልእክት መረብ) መልሱልኝ፣ የማዳበሪያና የእህል ንግዴን አትዝጉብኝ” ስትል ከርማለች። የክሬምሊን ቃል አቀባይ ፔስኮቭም ውሳኔው ከድልድዩ ጋር አይገናኝም ብሏል። ክሬምሊንን ማመን ግድ አይደለም፤ ካላንደር ማየት ይበቃል። የኦዴሳው ድብደባ ግን ሌላ ነው። እሱን የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ለድልድዩ የተሰጠ የበቀል ምላሽ ነው ብሎታል። ስለዚህ ድልድዩ ከድብደባው ጋር ይገናኛል፣ ከእህሉ ጋር አይገናኝም። የቀሩትንም ወሬዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

“ድልድዩ በጄት ተመቶ ፈረሰ”

አልፈረሰም፣ ጄትም አልነበረም። የመቱት ፈንጂ ተጭኖባቸው በውሃ ላይ የሚሄዱ ሰው አልባ ጀልባዎች ናቸው፤ ዩክሬን ቆይታ የኔ ሥራ ነው ብላለች። ድልድዩ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የተጎዳው የመኪናው መንገድ አንድ ክፍል ነበር፣ ባቡሩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ሥራ ተመልሷል። በመኪና ሲያልፉ የነበሩ ባልና ሚስት ግን ሞተዋል፣ ልጃቸውም ቆስላለች። ይህን ማንም አያወራውም።

“ሚሳይሉ ሁሉ ተመቶ ከወደቀ ወደቡን ምን ጎዳው? ውሸታሞች!”

ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ መደምደሚያው ነው ችኩል። የዩክሬን አየር ኃይል በዚያ ሌሊት ስድስቱንም ካሊብር የሚባሉ የሩሲያ ሚሳይሎችና ከ36 ድሮኖች 31ዱን መትቼ ጣልኩ አለ። በዚያው አፉ የወደብ ንብረት ተጎድቷል አለ። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። አየር ላይ የተመታ ሚሳይል ተኖ አይጠፋም፤ ብረቱና ፈንጂው የሆነ ቦታ ላይ ይወርዳል። ቁጥሩን ከጦርነቱ ውጪ ሆኖ ቆጥሮ ያረጋገጠ ሰው አለመኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሁለቱንም ወገን መግለጫ በዚያ ልክ ነው መስማት።

“ያ ሁሉ እህል ለአፍሪካ ነበር”

እዚህ ላይ ሁለት ሰፈር አለ። አንዱ ሁሉም ለኛ ነበር ይላል፣ ሌላው አንድ ፍሬ አልደረሰንም ይላል። በስምምነቱ አንድ ዓመት ውስጥ 33 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወጣ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ስንዴ ሳይሆን በቆሎ ነው። ትልቁ ተቀባይ ቻይና ነበረች፣ ሩቡን ያህል ወስዳለች፤ ከዚያ ስፔን፣ ከዚያ ቱርክ። ለእርዳታ በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል የተጫነው 725 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ግን ያችው ትንሿ ድርሻ የሄደችው ለነማን ነው? ለአፍጋኒስታን፣ ለየመን፣ ለሱዳን፣ ለሶማሊያ፣ ለኬንያ፣ ለጅቡቲና ለኛ። ድርቅ ላይ ላለ ሰው ያ ትንሽ አይደለም።

“በማግስቱ ዳቦ የተወደደው በኦዴሳ ምክንያት ነው”

ይቺ በጣም ነው የምትገርመኝ፣ ምክንያቱም መንገዱን የሚያስብ የለም። ብሬቭ ኮማንደር የምትባለው መርከብ 23 ሺህ ቶን የእርዳታ ስንዴ ይዛ ከዩክሬን የተነሳችው ነሐሴ 10 ቀን 2014 ነው፤ ጅቡቲ የደረሰችው ነሐሴ 24። ባሕሩ ብቻ ሁለት ሳምንት! ከዚያ ማራገፍ አለ፣ ከዚያ ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ በጋላፊ በኩል መግባት አለ። የእርዳታ ስንዴ ደግሞ የሚሄደው ለተረጂ እንጂ ለሰፈራችን ዳቦ ቤት አይደለም። የዓለም ገበያም ቢሆን እንደሚወራው አልሆነም። ቺካጎ ላይ የስንዴ ዋጋ በዚያ ቀን ጠዋት ዘሎ ነበር፣ ማታ ግን ካለፈው ቀን ወርዶ ነው የተዘጋው። የምር የዘለለው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ወደቦቹ ተደጋግመው ሲመቱና ሞስኮ ወደ ዩክሬን የሚሄድን መርከብ ሁሉ የጦር መሣሪያ እንደጫነ ልቆጥረው እችላለሁ ስትል ነው፤ በአንድ ቀን ከ8 በመቶ በላይ ጨመረ።

ጦርነቱ አይነካንም እያልኩ አይደለም። በነዳጅም በማዳበሪያም ይነካናል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። በማግስቱ ዳቦው ግራም ከቀነሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዱቄቱ፣ ትራንስፖርቱና የቤት ኪራዩ ነው። ለነገሩ በዚያው ዓመት መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርኩ ብሎን ነበር። ዳቦው በኦዴሳ ተወደደ የሚለውና በኤክስፖርቱ የሚኩራራው አንዳንዴ አንድ ሰው ነው፣ እሱን ለራሱ ልተወው።

“ፑቲን ለኢትዮጵያ በነጻ ስንዴ ሰጠ”

ከዚያ ሐምሌ 20 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በተከፈተው የሩሲያና አፍሪካ ጉባኤ በነጻ እሰጣቸዋለሁ ያላቸው ስድስት አገሮች ናቸው፦ ቡርኪና ፋሶ፣ ዚምባብዌ፣ ማሊ፣ ሶማሊያ፣ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና ኤርትራ። እኛ የለንበትም። ለያንዳንዳቸው ቃል የተገባው ከ25 እስከ 50 ሺህ ቶን ነው።

“ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦዴሳ ተዘጋች”

ጥቂት ሳምንት ብቻ። ጆሴፍ ሹልተ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጦርነቱ ከመጀመሩ ዋዜማ አንስቶ ኦዴሳ ታግታ ቆይታ ነበር፤ ነሐሴ 10 ቀን 2015 ያለ ምንም ስምምነት ወጣች። የሩማኒያንና የቡልጋሪያን ዳርቻ ይዛ ኢስታንቡል ገባች። ከሷ በኋላ እህል የጫኑትም ተከተሉ። ሚሳይል በሚወርድበት ወደብ መርከብ ማስገባት ግን ኢንሹራንሱ ውድ ነው፣ እሱ ደግሞ ስንዴው ላይ ይታሰባል።