«ቱቦውን ተወው፣ በደም ዲኤንኤ ይታይልኝ»

«የደም ዲኤንኤ ምርመራ የጨጓራ ካንሰርን ስለሚያሳይ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ቀርቷል።» ሐዋሳ ውስጥ ይህን ያልሰማ ታካሚ የቀረ አይመስለኝም። ቪዲዮ አይተው «ሜቲሌሽን» የሚል ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ ምን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ሜቲሌሽን ማለት ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤ ላይ ሲለጠፍ ነው። ፊደሉ አይቀየርም። ጂኑ በሚነሳበት ክፍል ላይ ከበዛ ግን ጂኑ ሥራ ያቆማል፤ መጽሐፉ ሳይቀደድ ገጾቹ እንደተጣበቁ ማለት ነው። በጨጓራ ካንሰር ሴሎችን አያይዞ የሚይዘው ሲዲኤች1 እና የዲኤንኤ ስሕተት በማረም የሚሳተፈው ኤምኤልኤች1 በዚህ መንገድ ተዘግተው የሚገኙበት ጊዜ አለ። እስከዚህ ቪዲዮው ልክ ነው።

ነገር ግን ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ጨጓራ ካንሰር ሳይኖረውም ይህ ለውጥ ይታይበታል፤ ዕድሜም ይጨምረዋል። ባክቴሪያው በየቤቱ ባለበት አገር፣ ከጨጓራ ናሙና ላይ ሜቲሌሽን ስለተገኘ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም። ደም ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ ገና ትንሽ የሆነ ዕጢ ወደ ደም የሚለቀው ዲኤንኤ ኢምንት ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ «የለም» የሚለውን ወረቀት ይዞ ተረጋግቶ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ለዚሁ ምርመራ አዲስ አበባ ሊሄድ የተነሳ አንድ የአቶቴ ሰፈር ነጋዴ «ዶክተር፣ አሜሪካ እኮ በ2016 አጽድቃዋለች» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። የጸደቀው የሴፕት9 ጂንን ሜቲሌሽን በደም የሚያይ ምርመራ ነው፤ ለትልቁ አንጀትና ለፊንጢጣ ካንሰር። ጨጓራ የለበትም! ሰውየው ሰገራው ጠቁሯል፣ ሱሪው ሰፍቶታል። እያጉረመረመ ቱቦውን ዋጠ፤ ቁስል ተገኘ፣ ናሙናው ካንሰር አልነበረም። ይህን የለየው በማይክሮስኮፕ ያየው ፓቶሎጂስት ነው።

«ዲኤንኤ ከተነካ ከዘር ነው።» አይደለም። ይህ ለውጥ በአብዛኛው በዕድሜ ዘመን የሚመጣ ነው፤ የሚወረሰው የጨጓራ ካንሰር ከ100 ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው።

«ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል።» አብዛኛውን አይይዘውም። ባክቴሪያውን ማጥፋት ግን አደጋውን ይቀንሳል፣ ሜቲሌሽኑንም በከፊል ያወርደዋል፤ ስለዚህ ሻል ሲላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ባክቴሪያው መኖሩን ለሚያይ የሰገራ ምርመራ ስትመጡ ግን ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ከ2 ሳምንት በፊት አቁሙ፣ አንቲባዮቲክ ከጨረሳችሁም 4 ሳምንት ይለፍ፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ምግብ አልወርድ ካለ ደግሞ ፌጦና ተልባ እየበጠበጣችሁ አትቆዩ። ከማታ ጀምሮ ሳትበሉ ጠዋት ኑ፤ ጉሮሮ ላይ ማደንዘዣ ይረጫል፣ ምርመራው ራሱ የደቂቃዎች ነው።