የመደራደር አቅም ምንድን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ በሬ ሲሸጥ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገዢው የበሬውን ሻኛ ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩ «አይሆንም» ሲለው ጀርባውን ሰጥቶ ጥቂት ይራመዳል። ሻጩ መልሶ ከጠራው አቅሙ በገዢው እጅ ነበረ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ገዢው ራሱ ከተመለሰ ደግሞ በሻጩ እጅ። የመደራደር አቅም የሚባለው ይኸው ነው፦ ስምምነቱ ቢቀር ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ ይህንንም ተደራዳሪው ወገን ማወቁ። በመንግሥታት መካከል ሲሆን ጀርባ መስጠቱ ነዳጅ መከልከል፣ መተላለፊያ መዝጋት፣ ብድር ማቆም ወይም ጦር ማንቀሳቀስ ይሆናል።

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ያስነሣውን ክርክር (የጣሊያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነቷን በኢጣሊያ በኩል እንድታደርግ ያስገድዳል፣ የአማርኛው ግን ይፈቅዳል ብቻ) ዐፄ ምኒልክ በደብዳቤ ሊፈቱት ዓመታት ደክመዋል። ኢጣሊያ ውሉን መሻሯን የፈረመችው ግን ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው።

ጉባኤ የሚሰናከለው ግን ሁልጊዜ አቅም በመጥፋቱ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ አቅሙ ኖሮ ባለቤቱ እንደማይጠቀምበት አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በምትገኘው ወልወል ላይ ከኢጣሊያ ጋር ግጭት ሲነሣ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ጄኔቭ ለሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር አቀረበች። የግልግሉ ሥራ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተጓትቶ «ሁለቱም ወገኖች ጥፋተኛ አይደሉም» በሚል ተደመደመ፤ በእነዚያ ወራት የኢጣሊያ ጦር ከነትጥቁ በስዊዝ ቦይ እያለፈ ምጽዋና ሞቃዲሾ ይራገፍ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ይህ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢጣሊያ መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ስለምትሠራ፣ እገዳው የጎዳው ከውጭ ከመግዛት ሌላ አማራጭ ያልነበራትን ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ንግግር ጊዜ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ ጊዜው ለማን እንደሚሠራ መጠየቅን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

የኢጣሊያ ወረራ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብም ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም የኢጣሊያን ካሚዮንና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከእገዳው ውጭ ተደረገ፣ የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ቀረ። ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን አስቆጥተው ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈርተው ነበር፤ እርሱም ፍርሃታቸውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ከወልወል ልክ አንድ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው ደሴ ላይ ቦምብ አዘነቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ፤ በከተማዋ የሰፈሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ። በሁለተኛው ቀን የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ሰፊ የኢትዮጵያን ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ባሕር የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ የሚተው ዕቅድ ተስማሙ። የአገሩ ባለቤት ደሴ ላይ እየተደበደበ ስለ አገሩ የተነጋገሩት ሌሎች ነበሩ። በወሎ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የተበዳይን ወገን ሳይጠሩ ፍርድ ቢሰጡ ማንም ዕርቅ አይለውም፤ ሽማግሌዎቹም የሚፈሩት እርግማናቸው በበዳዩ ላይ በእርግጥ እንደሚወርድ ስለሚታመን ነው።

ዕቅዱ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ቀርበው ለማኅበሩ ጉባኤ ተናገሩ። ማኅበሩም ማዕቀቡን ሐምሌ 8 ቀን አነሣ፤ ነዳጁ ግን እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልተከለከለም ነበር።