የሴቶች ክበብ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

የሴቶች ክበብ ተማሪዎች ስለ ሴት ልጆች ትምህርትና እኩልነት የሚሟገቱበት የትምህርት ቤት ማኅበር ነው። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ የልጃገረዶች ክበብ ይባላል፣ ሌላው ጋ የሥርዓተ ጾታ ክበብ። ከተማ ውስጥ «ጀንደር ክበብ» ማለት ይቀናቸዋል። ወንዶችም አባል ይሆናሉ፤ መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቻቸው ቢስቁባቸውም።

የከተማ ልጅ ክበቡን የሚያስታውሰው በማርች 8 ግጥምና በሚኒ ሚዲያ ነው። በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ አንዷ ታነባለች፣ ግማሹ ተማሪ ኳስ ላይ ነው። ገጠር ግን ሥራው ሌላ ነው። እዚያ የክበቡ ዋና ሀብት ወሬ ነው።

ለምሳሌ የአማራ ክልልን ገጠር እንውሰድ። ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ያ ደግሞ የትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ነው። ጠላ ሲጠነሰስና ዘመድ ሲጠራ ልጅቷ ትሰማለች። እሷ ባትሰማ ጎረቤት ያለችው የክፍል ጓደኛዋ ትሰማለች። ጓደኛዋ ለክበቡ ተጠሪ መምህርት ትነግራለች፤ ከፈራች ደግሞ ስሟን ሳትጽፍ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ወሬው ከመምህርቷ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ሴቶች ጉዳይ፣ ነገሩ ከጠና ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ግን ሽማግሌ መላክ የተለመደ ነው። አባት «ዕድሜዋ ደርሷል» ካለ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ዕድሜዋ ይገመታል። የልደት ወረቀት ያላት ስንቷ ናት?

ወላጅም ዘዴ አያጣም። ሰርጉን «ማኅበር ነው»፣ «ተዝካር ነው» ብሎ የሚደግስ አለ። ሰፈሩን ሁሉ የምታውቅ የ12 ዓመት ልጅ ግን ሟች በሌለበት ተዝካር አትታለልም።

ክበቡ የሚደገፍበት ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ነው ይል ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል። ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ነው፤ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት። ሕጉ ወጣ ማለት ሰርጉ ቆመ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 58 በመቶው ከ18 ዓመት በፊት ያገቡ ናቸው። ከ20 እስከ 24 ባሉት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ወርዷል። ወርዷል፣ ግን 40 ነው።

ስለ ልጃገረዶች ቡድን ሲነሳ ሞሰቦን ማለፍ አይቻልም። ባሕር ዳር አካባቢ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም እዚያ ተጀመረ። ልጃገረዶች በአማካሪ ሴቶች እየተመሩ ይሰበሰቡ ነበር። የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸው ነበር፤ ወላጆችም በማኅበረሰብ ውይይት ይሳተፉ ነበር። ሁለት ዓመት ሳትዳር ለቆየች ልጅ ቤተሰቧ አንድ እንስሳ ይሸለም ነበር። ውጤቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ግሩም ሆነ፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዙ፣ የሚዳሩት በጣም አነሱ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ግን ጋብቻው እንዲያውም ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቀበሌ በለጠ። ይህን ሁለተኛውን ውጤት ብዙ ሰው ሲያወራው አልሰማሁም። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ምክንያቱም ገጠር ውስጥ 15 ዓመት ብዙ ጊዜ 8ኛ ክፍል የሚያልቅበት ዕድሜ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወረዳ ከተማ ነው ያለው። ልጅቷ ከሁለት ሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ቅዳሜ አገሯ ትሄድና በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ተሸክማ እሑድ ትመለሳለች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጠለፋም ያስፈራል። እናት «ከተማ ገብታ ትበላሻለች» ትላለች። እዚህ ላይ የክበቡ ግጥም ብቻውን አያደርስም። የሚረዳው ልጆቹን በቡድን ማስኬድ፣ የማታ ጥናትና ቱቶሪያል፣ ሞዴስ የሚቀየርበት ውኃ ያለው ክፍል ነው። ሞዴስ የሚሰበስቡ ክበቦች አሉ። ከዚህ ጋር የመቀሌዋ ፍረወይኒ መብራህቱ ትነሳለች፤ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ሞዴስ በፋብሪካ እያመረተች ለተማሪዎች እንዲደርስ በመሥራቷ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች።

የሴቶች ትምህርት ታሪክ ከክበቡ በፊት ይጀምራል፤ እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በደቡብ ደግሞ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ፊደል የቆጠሩ ሴት ነበሩ። ኋላ ከእህታቸው ጋር በከምባታ ድርጅት አቋቁመው ግርዛትንና ጠለፋን ታገሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። እንዳልተገረዘች የሚናገር ጽሑፍ አንግባ ነበር፤ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ ደስ እንዳለው የሚል ጽሑፍ ይዟል። ወጣቶቹ ራሳቸው መልእክቱን ይዘው ቆሙ።

የክበቡ ደካማ ጎን የታወቀ ነው። ሰርጉ የቀረላት ልጅ ማታ የምትገባው ሰርጉን ወዳሰናዳው ቤት ነው። አባቷ የከፈለውን ወጪ ያስባል፤ ወሬውን ያወጣችው ጓደኛም ጎረቤት ናት። በዚያ ላይ ኮሚቴው አይረጋም። ጎበዞቹ 8ኛ ክፍል ጨርሰው ይሄዳሉ፣ ተጠሪዋ መምህርት ትዛወራለች። ምዝገባው አልቆ፣ ተማሪው ተሰብስቦ፣ አዲስ ኮሚቴ እስኪመረጥ ጥቅምት ይጋመሳል። ከዚያ እስከ ጥሩ የሰርግ ወቅት ያለው ሦስት ወር አይሞላም።