«ባህር ላይ ማን ይጠይቅሃል?»፦ ስለ ክሩዝ መርከብ መጠጥና ጠብ በየቡናው የሚወራውና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ክሩዝ፣ ማለትም ወደ መዝናኛ መርከብ ጉዞ ዞረ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የባልቲሞር ወደብ ቅርባችን ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ባሃማስና ቤርሙዳ የሚሄድ መርከብ አለ። ስለዚህ ደርሶ የመጣም፣ ትኬት የቆረጠም፣ ልቡ የተንጠለጠለም አይጠፋም።

አንዱ «ባህሩ መሀል ከገባህ በኋላ እኮ ፖሊስ የለም» አለ። አንዷ «የመጠጥ ፓኬጁን፣ አስቀድመሽ ከፍለሽ የምትጠጪበትን፣ ከገዛሽ እስኪበቃሽ ነው» አለች። ሦስተኛው ውስኪ በውሃ ጠርሙስ አድርጎ ስለማስገባት ያስተምረን ጀመር። እኔ ደግሞ የትኬት ውል ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ የማንበብ ክፉ አመል አለብኝ። ቤቱ ውስጥ ሰላም እንዲሰፍን ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«መርከቡ ከወደብ ከራቀ ሕግ የለም»

ይሄ ከሁሉም የሚብሰው ነው። ምንጩ ግን ይገባኛል። መርከቡ ወደብ ላይ እያለ ቁማር ቤቱ ዝግ ነው። ከቀረጥ ነፃ ሱቁም ዝግ ነው። ከባህር ዳርቻው ራቅ ሲል ሁሉም ይከፈታል። ሰው ይሄን ያይና «አሃ፣ ሕጉ እዚህ ጋ አለቀ» ይላል። አላለቀም፤ ባለቤቱ ነው የተቀየረው።

አንድ አገር ከዳርቻው እስከ 12 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ባህር ግዛቱ ነው። ከግዛት ውሃ አልፎ ክፍት ባህር ላይ ሲወጣ መርከቡ ባንዲራውን የሚያውለበልብለት አገር ሕግ ይገዛዋል። ብዙዎቹ ትልልቅ ክሩዞች የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የማልታ ወይም የቤርሙዳ ባንዲራ ነው የያዙት። ከማያሚ ተነስቶ አሜሪካውያንን ጭኖ የሚሄደው መርከብ በሕግ ፊት የባሃማስ ቁራጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሜሪካ ግን በዚህ ብቻ አልተወችውም። ጉዞው ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ ወይም እዚያ የሚያበቃ ከሆነና አጥፊው ወይም ተበዳዩ አሜሪካዊ ከሆነ፣ የውጭ ባንዲራ ባለው መርከብ ላይ ለተፈጸመ ወንጀልም የፌዴራሉ ሕግ ይደርሳል። በ2010 የወጣው የክሩዝ መርከቦች ደህንነት ሕግ ደግሞ ግድያን፣ የሰው መጥፋትን፣ አስገድዶ መድፈርንና ከባድ ድብደባን መርከቦቹ ለኤፍቢአይ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከልክላ ነበር። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውጭ መርከቦች ታሽጎ የተቀመጠ መጠጥ እንኳ ይዘው ወደ አሜሪካ ውሃ እንዳይገቡ ወሰነ። እንግሊዞች ተቆጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተፈታ። የአሜሪካ ሕዝብስ ምን አደረገ? መርከብ ተሳፍሮ ወጣ ብሎ፣ ጠጥቶ፣ የትም ሳይደርስ ይመለስ ነበር። «ባህር ላይ እንደፈለግክ ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ይመስለኛል።

«ምን ያደርጉኛል? ሜዳ ላይ አይጥሉኝ!»

እሱንማ ያደርጉታል። ሜዳው ወደብ ይባላል እንጂ።

ካፒቴኑ ትልቅ ሥልጣን አለው። ሰክሮ የሚረብሽን ሰው መጠጥ ሊከለክለው ይችላል። ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ በር ላይ ጠባቂ ሊያቆምበት ይችላል። ትልልቆቹ መርከቦች ማቆያ ክፍልም አላቸው። ከዚያ ቀጣዩ ወደብ ላይ አውርዶ፣ ካስፈለገም ለፖሊስ አስረክቦ ጉዞውን ይቀጥላል። የመመለሻው ወጪ የወረደው ሰው ነው። የቀረው ጉዞ ገንዘብም አይመለስም። ፍርድ ቤት አይጠበቅም፤ ትኬት ሲቆረጥ «ተስማምቻለሁ» የተባለው ውል ይሄን ሁሉ ይዟል።

በየካቲት 2018 የካርኒቫል ኩባንያ መርከብ የሆነው ካርኒቫል ሌጀንድ ከሜልቦርን ተነስቶ ለ10 ቀን ወደ ደቡብ ፓስፊክ ሄደ። አንድ ትልቅ የቤተሰብ ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ለቀናት ተደባደቡ። በመጨረሻ መርከቡ መንገዱን ትቶ ኢደን የምትባል ትንሽ የአውስትራሊያ የወደብ ከተማ አጠገብ ቆመ። ፖሊስ መጣና 23 ሰው ወረደ። ከእነዚህ መካከል ገሚሱ በገዛ ፈቃዳቸው ዘመድ ተከትለው የወረዱ ነበሩ። ለነገሩ በአንድ ሰው ስካር የቤተሰብ ድግስ ሲበተን እኛም እናውቃለን።

ኒውዮርክም ሩቅ አይደለችም። በሰኔ 2022 ሌላው የካርኒቫል መርከብ ካርኒቫል ማጂክ ወደ ማንሃተን ሲመለስ ሊነጋጋ ሲል ጭፈራ ቤቱ ውስጥ አምባጓሮ ተነሳ። በወቅቱ የወጡት ዘገባዎች እስከ 60 ሰው ገብቶበታል ብለው ነበር። መርከቡን የጠረፍ ጠባቂ ጀልባ አጅቦ አስገባው።

አሁን ለእኛ ሰው የሚጠቅመውን ልናገር። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ ላይ አሜሪካዊ ዜጋ ፓስፖርት ሳይዝ፣ በልደት ሰርተፍኬትና በመታወቂያ ብቻ መሳፈር ይችላል። ጥሩ ነው። ግን ሜክሲኮ ላይ ቢያወርዱት በአውሮፕላን የሚመለሰው በምን ወረቀት ነው? መጀመሪያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፍለጋ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ደግሞ እንደ አገሩ የቪዛ ጥያቄ ይጨመርበታል። በአንድ ቡጢ ይሄን ሁሉ መግዛት ውድ ነው።

«ይሄ የርካሽ መርከብና የጎረምሳ ነገር ነው»

በሐምሌ 2019 የእንግሊዙ ኩባንያ የፒ ኤንድ ኦ መርከብ የሆነው ብሪታኒያ ከኖርዌይ ፊዮርዶች ወደ ሳውዝሃምፕተን ይመለስ ነበር። ተሳፋሪው በአብዛኛው ትልልቅ ሰው ነው፤ ምሽቱም ሙሉ ልብስና ከረባት የሚለበስበት ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የሚነሳበት አዳራሽ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ሳህንና የቤት ዕቃ እንደ መሣሪያ ሆነ። ስድስት ሰው ጥቃት ደረሰበት፤ ወደብ ሲደርሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተያዙ። ለጠቡ መነሻው እንደ ሰርከስ ቀልደኛ (ክላውን) ለብሶ የመጣ ሰው ነው ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞረ። እሱን እንኳ ተዉት፤ ከረባት ስካርን እንደማይከላከል ግን በደንብ አየነው።

«ፓኬጅ ከገዛሁ ያለ ገደብ ነው»

የካርኒቫል ፓኬጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 15 የአልኮል መጠጥ ላይ ይቆማል። አሥራ ስድስተኛውን ማንም አይቀዳልህም፤ በራስህ ገንዘብ እገዛለሁ ብትልም። ቁጥር ያላስቀመጡ ኩባንያዎችም አሉ። እነሱ ጋም ቢሆን ባርማኑ «ይበቃዎታል» የማለት መብት አለው።

«አንዱ ገዝቶ ለሁላችን ይቀዳል» የሚለውንም እርሱት። ብዙ ኩባንያዎች ጋ አንድ ክፍል የሚጋሩ አዋቂዎች ሁሉ ፓኬጁን እንዲገዙ ይገደዳሉ። መጠጡ የሚቀዳው በየሰው ካርድ ነው፤ ካርዱ ሲነካ የባለቤቱ ፎቶ ባርማኑ ፊት ይመጣል። ለሌላ ሲያጋራ የተያዘ ሰው ፓኬጁን ሊነጠቅ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ፓኬጁን ራሱ አልወደውም። የተከፈለበት ገንዘብ እንዳይባክን ሲባል በየቀኑ ከልማድ በላይ ይጠጣል። ወደብ ወርዶ የሚዋልበት ቀንም ይቆጠራል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በአንድ እጁ እየቀዳ በሌላው እጁ «ሥርዓት ያዙ» የሚል ኩባንያም ትንሽ ይገርመኛል።

«18 ከሞላው ይጠጣል»

እንደ መነሻው ነው። ከአሜሪካ ወደቦች በሚነሱት ላይ 21 መሙላት ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ወይም ከአውስትራሊያ የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 18 ይበቃል። ኩባንያው አንድ ሆኖ ደንቡ ሁለት ሊሆን ይችላል።

«አንድ ጠርሙስ ማን ያያል?»

መጀመሪያ፣ ጭራሽ አይገባም የሚለውም ስህተት ነው። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን በመሳፈሪያው ቀን፣ በእጅ ሻንጣ፣ ለመጠጥ ዕድሜው ለደረሰ ሰው አንድ 750 ሚሊ ሊትር ያልተከፈተ ወይን ይፈቅዳሉ። ውስኪ፣ ቮድካ፣ ቢራ አይገባም። ሻንጣ በኤክስሬይ ያልፋል። የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ መደበቅን እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ከእኛ በፊት ያውቁታል።

የውሃ ጠርሙሱ ዘዴማ አርጅቷል። ካርኒቫል በ2015 ተሳፋሪ የታሸገ ውሃ ይዞ እንዳይገባ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለጥቂት ብልጦች ሲባል ሁሉም ሰው የውሃ ጠርሙሱን ቤቱ ይተዋል። በየወደቡ የሚገዛ ጠርሙስም መግቢያው ላይ ተወስዶ ይቀመጥና የሚመለሰው በጉዞው ማብቂያ ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ይሄ ሁሉ ለደህንነት ነው ይላሉ። አዎ፣ ግን ባሩም ገቢ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የአክስቱን ጠጅ ስለመውሰድ የጠየቀኝ ሰው ነበር። በኮካ ፕላስቲክ የተቀዳ የቤት ጠጅ «ያልተከፈተ ጠርሙስ» አይባልም። እዚያው ወደቡ ላይ ይደፋል። ያሳዝናል፤ ቤት ጠጡት።

«መርከቡ እየተወዛወዘ ሰው ይጥላል»

ከላይ ያነሳሁት የ2010 ሕግ የመርከቡ አጥር ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ያዛል። ይሄ ከወገብ በላይ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ዝም ብሎ አይገለበጥም። ይወጣበታል፣ ይቀመጥበታል፣ ፎቶ ለመነሳት ይንጠለጠልበታል። በጥር 2019 የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ ቆሞ ከነበረው የሮያል ካሪቢያን መርከብ ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ሲስ አንድ ወጣት ከ11ኛው ፎቅ በረንዳ ዘለለ። ጓደኞቹ ቀረጹት፤ ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ከሌሊቱ ስካር ገና አልወጣሁም ነበር ብሏል። ተርፏል። ሮያል ካሪቢያን ግን ዕድሜ ልኩን ከለከለው።

«ጠጥቼ ብጎዳ ጥፋቱ የራሴ ብቻ ነው»

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሰው መብቱን ያሳንሳል። በ2004 የፍሎሪዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት መርከቡ እስኪሰክር ቀድቶለት ወድቆ የተጎዳ ተሳፋሪ ክስ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ማሸነፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሩ ግን አልተዘጋም። መቸኮል ያስፈልጋል። የብዙ ኩባንያዎች ውል በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስን ይጠይቃል። ቦታውም ብዙ ጊዜ ማያሚ ነው፤ ሜሪላንድ አይደለም።

«ትንሽ ከቀመሱ ማዕበሉ አያዞርም»

ያባብሰዋል። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ነው። አልኮል እዚያ ገብቶ በፈሳሹና እንቅስቃሴን በሚያውቀው ስስ አካል መካከል ያለውን የክብደት ሚዛን ያዛባል። የሰከረ ሰው አልጋ ላይ ሲጋደም ጣሪያው የሚዞርበት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ እውነተኛ ማዕበል ሲጨመር አስቡት። የባህር ሕመም ክኒንም ያስተኛል፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ድርብ ነው።

«ሠራተኛው ራሱ ይጠጣል፣ ካፒቴኑም»

ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ደንብ ለሥራ ላይ መኮንኖች በደም ውስጥ የአልኮል መጠን ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ኩባንያዎች ከዚህም ያጠብቃሉ። በዚህ አትጨነቁ።

«ያለ መጠጥ ክሩዝ የለም»

ለማይጠጡትና ለልጅ አሳዳጊዎች የምሥራች አለኝ። ከጅዳ የሚነሳው የሳዑዲው መርከብ አሮያ ከታህሳስ 2024 ጀምሮ ያለ አንድ ጠብታ አልኮል ይጓዛል። ጅዳና ሪያድ ያላችሁ አንባቢዎች ይሄን ከእኔ በፊት ሳታውቁት አትቀሩም።

ቡናው ወደ በረካ ሲደርስ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጫትስ?» አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው። እንግሊዝም በ2014 ከልክላዋለች። ተርሚናሎች ላይ ዕፅ የሚያሸቱ ውሾች አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በዕፅ ጉዳይ የሚያጣው ከመርከብ ጉዞ ይበልጣል። ማሪዋናም ያው ነው፤ ሜሪላንድ ብትፈቅድም መርከቡና ፌዴራሉ አይፈቅዱም።

ሰውየው ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ቆሎስ?» አለ። ቤት የተቆላ አይገባም። በፋብሪካ የታሸገ ከሆነ ግን አብዛኛው መርከብ ያስገባል።