«የአሕዛብ ጻድቅ» ምንድን ነው? ቪዛ የሰጠ ቆንስልስ እንዴት ያገኘዋል?

«የአሕዛብ ጻድቅ» እስራኤል አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው የምትሰጠው የክብር ስም ነው። የሚሰጠው ናዚዎች አይሁድን በጨፈጨፉበት በሆሎኮስት ዘመን ገንዘብ ሳይቀበል፣ ራሱን አደጋ ላይ ጥሎ አይሁድን ላዳነ ሰው ነው። እጩዎችን የሚመረምረው ኢየሩሳሌም በሚገኘው ያድ ቫሼም የተባለ የመታሰቢያ ተቋም ሥር ያለ ኮሚሽን ነው። ሥራ የጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እስካሁን ከ28 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰይመዋል። ዲፕሎማቶቹ ከዚህ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው።

ዲፕሎማት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። በፖላንድ ሰው ጎተራው ውስጥ የደበቀ ገበሬ ከተያዘ ይገደል ነበር። ቆንስል ግን ያለመከሰስ መብት አለው። ቪዛ መስጠትም ደሞዝ የሚበላበት ሥራው ነው። ታዲያ አደጋው የቱ ጋ ነው? ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዋናው ጥያቄ የገዛ መንግሥቱን ትእዛዝ ጥሷል ወይ የሚል ይሆናል። ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል ታዞ ብቻ የሠራ ሰው፣ ሥራው መልካም ቢሆንም፣ ለዚህ ክብር አይበቃም።

በቦርዶ የፖርቱጋል ቆንስል የነበሩትን አሪስቲዴስ ደ ሶዛ ሜንዴስን እንይ። የፖርቱጋል አምባገነን መሪ የሳላዛር መንግሥት በኅዳር 1939 «ሰርኩላር 14»ን አወጣ። ከአገራቸው ለተባረሩ አይሁዶችና አገር ለሌላቸው ሰዎች ከሊዝበን ሳይጠየቅ ቪዛ እንዳይሰጥ የሚከለክል ነው። በሰኔ 1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲያጥለቀልቁ ቦርዶ በስደተኛ ተጨናነቀች። ሶዛ ሜንዴስ ከፖላንድ ለመጣ አንድ ራቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) እና ለቤተሰቡ ቪዛ ልስጥህ አሉት። ራቢው ግን እዚህ የተሰበሰበው ሕዝብ ካላገኘ እኔም አልወስድም አለ። ቆንስሉ ተጨንቀው አልጋ ላይ ዋሉ። ከዚያ ተነሥተው ለመጣ ሁሉ ያለ ክፍያ መፈረም ጀመሩ። ወረፋው ሲበዛ ፊርማቸውን አሳጥረው «ሜንዴስ» ብቻ ይሉ ነበር።

ሊዝበን ጠራቻቸው፤ በዲሲፕሊን ከሰሰቻቸው፤ ከሥራም አስወጣቻቸው። ከአሥር በላይ ልጆች የነበሩት ያ ትልቅ ቤተሰብ በከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ የነፃ ምግብ ቤት እስከመመገብ ደረሰ። በ1954 በድህነት ሞቱ።

በሊቱዌኒያ ከተማ ካውናስ የነበሩት ጃፓናዊው ምክትል ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራም ቶኪዮ ደጋግማ ከልክላቸው ሳለ ከሁለት ሺህ በላይ ቪዛ በእጃቸው ጽፈዋል። ክብሩን በ1984፣ በሕይወት ሳሉ አገኙ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ለሁሉም አልደረሰም።

ተሸላሚው ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ስሙም በያድ ቫሼም ይጻፋል። ሰውየው ካረፈ ቤተሰቡ ይቀበልለታል። ያጣውን ማዕረግ መመለስ ግን የእስራኤል ሥልጣን አይደለም፤ የገዛ አገሩ ጉዳይ ነው። ሶዛ ሜንዴስ በ1966 «የአሕዛብ ጻድቅ» ሲባሉ ሳላዛር ገና ሥልጣን ላይ ነበር። የፖርቱጋል ፓርላማ ስማቸውን ያደሰው በ1988 ነው። እንደ እኔ ከሆነ እጅግ ዘግይቷል።