ኤፊቆሮሳዊ፦ በሆዳምነት ስሙ የጠፋ ፈላስፋ

ፈረንጆች አንድን ሰው «ኤፒኪውሪያን» ካሉት ጥሩ ምግብ፣ ጥሩ ወይንና የተንደላቀቀ ኑሮ ይወዳል ማለታቸው ነው። ቃሉ የወጣው ከጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ከኤፊቆሮስ ስም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ስሙ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስን አቴና ላይ ካገኙት ፈላስፎች መካከል የኤፊቆሮስ ወገኖች አሉበት።

ኤፊቆሮስ የተወለደው በ341 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሳሞስ ደሴት ላይ ነው። በኋላ አቴና ገብቶ የአትክልት ቦታ ገዛና እዚያው ማስተማር ጀመረ። ሴቶችም ባሮችም አብረው ይማሩ ነበር። ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሕይወት ግብ ደስታ ነው ማለቱ እውነት ነው። ግን የትኛው ደስታ? ሜኖይኬዎስ ለሚባል ሰው በጻፈው ደብዳቤ ቁርጡን ተናግሯል። ደስታ ስንል የመጠጥና የፈንጠዝያ ማለታችን አይደለም፤ አካል ከሕመም፣ ነፍስም ከጭንቀት ሲያርፉ ነው ይላል። ለተራበ ሰው ቂጣና ውሃ ከሁሉ የላቀ ደስታ ይሰጡታል ሲልም ጽፏል። አንዴ ደግሞ ወዳጁን «ሲያሰኘኝ እንድደግስ ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ» ብሎ ለምኗል። የዚህ ሰው ድግስ እንግዲህ አይብ ነበር!

ታዲያ ስሙ እንዴት ጠፋ? ገና በሕይወት ሳለ ነው የጀመረው። ጢሞክራጥስ የሚባል ከድቶት የሄደ ተማሪው፣ ከጥጋብ ብዛት በቀን ሁለቴ ያስመልሰዋል ብሎ አስወራበት። ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ደግሞ ወፈር ማለቱን ሲናገር ራሱን «ከኤፊቆሮስ መንጋ የሆነ አሳማ» አለ። ቀልድ ነበር፤ ምስሉ ግን ተጣብቆ ቀረ። በዕብራይስጥማ ይባስ ብሎ «አፒኮሮስ» መናፍቅ ማለት ሆኗል።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ «ነገ እንሞታለንና እንብላ እንጠጣ» የሚለውን በእሱ ላይ መለጠፋቸው ነው። ቃሉ ኢሳይያስ 22፥13 ላይ ያለ ነው። ኢሳይያስ ደግሞ ከኤፊቆሮስ መቶዎች ዓመታት በፊት የኖረ ነቢይ ነው። ሐሳቡም ቢሆን የኤፊቆሮስ አይደለም። እሱ ያስተማረው እኛ ሳለን ሞት የለም፣ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም፣ ስለዚህ አትፍሩት ብሎ ነው። ነገ እሞታለሁ ብሎ ማዕድ ላይ የሚጣደፍ ሰው ግን የሚያስቸኩለው ያው ፍርሃቱ ነው።